የጠፋው የአቃቂ ቤት ካርታ

ካርታው የለም።

አሻግሬ ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። መታወቂያው ወጣ። የውሃና የመብራት ደረሰኞች ወጡ። የውክልናው ወረቀት ወጣ። የቤቱ ካርታ ግን አልወጣም።

«ትናንት እዚህ ነበር» አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለሦስት ክፍል ቤት ውስጥ አራት ሰዎች ቆመዋል። ሻጩ አሻግሬ፣ ደላላው ወንድዬ፣ ገዢዎቹ ዘአማኑኤልና ሚስቱ እምነት። ወደ ውልና ማስረጃ የሚወስዳቸው ታክሲ ደጅ ይጠብቃል።

ዘአማኑኤል የብረታ ብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ቶርኖ በሚባለው የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ነው የሚሠራው። እምነት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። ከተጋቡ ስምንት ዓመታቸው ነው። ስምንቱንም ዓመት የኖሩት ሳሪስ አቦ፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። የራሳችን የሚሉት ቤት ኖሯቸው አያውቅም። ለዚህ ቀን ብለው ባንክ ያሠሩት የክፍያ ማዘዣ፣ ሲፒኦው፣ በዘአማኑኤል የደረት ኪስ ውስጥ አለ። ዕቃቸውን አስረዋል። ለአከራያቸውም እንለቃለን ብለዋል።

«ያለ ካርታ ውል የለም» አለ ወንድዬ።

አሻግሬ ቀና ብሎ ዘአማኑኤልን አየው። «ትናንት ኮፒ ላስደርግ ብለህ የወሰድከው አንተ ነህ።»

«መልሻለሁ። ከነውክልናው እዚሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬልሃለሁ።»

«ካንተ በኋላ ማንም አልነካውም።»

እምነት የባሏን ክንድ ያዘች። 

በአራት ሰዓት ሁሉም ፖሊስ ጣቢያ ነበሩ።

መርማሪው ኢንስፔክተር ሮሪሳ ይባላል። ጎልማሳ ነው፤ ጠይቆ ዝም ማለት ያውቃል። መጀመሪያ አሻግሬን አስገባ።

«ቤቱ የማን ነው?»

«የአጎቴ ሚስት የወይዘሮ አማረች። አጎቴ ከሞተ ቆይቷል። እሳቸው ደሴ ዘመድ ጋ ገብተዋል። ሽጥልኝ ብለው ወክለውኛል።»

«ማንን ይጠረጥራሉ?»

«ገዢውን። ግን እሱ ይቆየን። ካርታው መጥፋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ከጻፋችሁልኝ ይበቃኛል። ምትክ አወጣበታለሁ።»

«መቼ ይጻፍልዎት?»

«ቢቻል ከምሳ በፊት።»

ሮሪሳ ይህን ማስታወሻው ላይ ጻፈና ደላላውን አስጠራ።

«ትናንት ሌላ ገዢ አምጥተህ ቤቱን አሳይተሃል። ዋሸሁ?»

ወንድዬ ላቡን ጠረገ። «አሳይቻለሁ። ሥራዬ ነው።»

«ሰውየው የተሻለ ዋጋ ሰጠ?»

«ሰጠ።»

«ስለዚህ የነዘአማኑኤል ውል ቢፈርስ ትጠቀማለህ።»

«እጠቀም ነበር። ግን አሻግሬ እምቢ አለ። አዲሱ ሰው ሁለት ሳምንት ታገሱኝ አለ፤ አሻግሬ ደግሞ ነገ የሚጨርስ ነው የምፈልገው አለኝ። ኢንስፔክተር፣ ስንት ዓመት ስደልል ጭማሪ የሚገፋ ሻጭ አይቼ አላውቅም።»

ይህም ተጻፈ።

ዘአማኑኤል ጣቢያ ቆየ። ሁለት ፖሊሶች ከእምነት ጋር ወደ ሳሪስ ሄዱ። ለአዲሱ ቤት የታሰረው ዕቃ አንድ በአንድ ተፈታ። ፍራሹ ተገለበጠ። የሠርጋቸው አልበም ሳይቀር ተፈተሸ። አከራያቸው እትዬ ያለምወርቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ከበር ላይ ያያሉ። እምነት መሬት መሬት እያየች ቆመች። እዚያ አቃቂ ግቢ ውስጥ ጎመን የምትተክልበትን ቦታ ሳይቀር መርጣ ነበር። አሁን ጎረቤት ሁሉ የሌባ ሚስት አድርጎ የሚያያት መሰላት።

ካርታው አልተገኘም። የተገኘው ኮፒው ነው፤ የካርታውም የውክልናውም። እምነት ሁለቱንም ወስዳ ራሷ ለሮሪሳ ሰጠችው።

«ባሌ ካርታ ሊሰርቅ ቢያስብ ኮፒ ያስደርጋል?» አለችው።

 ሮሪሳ የውክልናውን ኮፒ ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ ተነስቶ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ሄደ። ገጹን አንድ ወር ወደ ኋላ ገለጠ።

«ኅዳር 14» አለ። «እሑድ ነው።»

«አልገባኝም» አለች እምነት።

«ይህ ውክልና ወይዘሮ አማረች ኅዳር 14 ቀን መሥሪያ ቤት ቀርበው ፈረሙ ይላል። እሑድ ቢሮው ዝግ ነው።»

እምነት ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። 

ሮሪሳ አንዱን ፖሊስ የውክልናውን ቁጥር እንዲያጣራ ላከ። ዘአማኑኤልንም አስጠራው።

«ትናንት ከእናንተ ሌላ እዚያ ግቢ ማን ነበር?»

ዘአማኑኤል አሰበ። «ሐጀራ የምትባል ልጅ ነበረች። የቤቱን የፊት ክፍል ተከራይታ ሱቅ ከፍታበታለች። ለስላሳ አመጣችልን። ጎረቤት ልንሆን ነው፣ ቤቱን ልንገዛው ነው አልናት።»

«እሷስ ምን አለች?»

«እማማ አማረች ሸጡት እንዴ? አለች። ከዚያ ወደ ሱቋ ተመለሰች።»

«ዛሬ አይታችኋታል?»

ባልና ሚስቱ ተያዩ። ጠዋት ሲመጡ ሱቁ ተዘግቶ ነበር።

ሮሪሳ ራሱ አቃቂ ወረደ። ሱቁ አሁንም እንደተቆለፈ ነው። አጠገቡ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት፣ ሐጀራ በማለዳ የደብረ ዘይት ታክሲ ስትሳፈር ማየቷን ነገረችው።

ማምሻውን ዘአማኑኤል በዋስ ተለቀቀ። ከእምነት ጋር በታክሲ ወደ ሳሪስ ተመለሱ። ቤታቸው ሲደርሱ የተበተነውን ዕቃ ወደ ጥግ ገፋ አድርገው ፍራሹን ዘረጉ።

«ቤቱ ቀረ አይደል?» አለች እምነት።

«ቀረ።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። እሱም አላባበላትም፤ አጠገቧ ብቻ ተቀመጠ።

ረቡዕ ጠዋት ሮሪሳ ሁሉንም በዚያችው በአቃቂዋ ቤት ግቢ ውስጥ ሰበሰባቸው። አሻግሬ መጀመሪያ የጠየቀው ደብዳቤውን ነው።

«አልተጻፈም» አለ ሮሪሳ። «አቶ አሻግሬ፣ ንብረት የተሰረቀበት ሰው ጣቢያ ሲመጣ ሌባዬን ያዙልኝ ይለኛል። እርስዎ ግን ሌባውን ትተው ደብዳቤ ነው የሚለምኑኝ። የተሻለ ገዢ ሲመጣም ገፍተዋል። ምንድን ነው ያስቸኮለዎት?»

«ወይዘሮዋ ታመው ነው። መታከሚያ ይፈልጋሉ።»

«ደሴ?»

«ደሴ።»

«ውክልናውን የሰጡዎት እሑድ ቀን ነው። ቁጥሩም ትናንት ተጣርቷል፤ የሌላ ሰው የመኪና ውክልና ቁጥር ነው።»

አሻግሬ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመደ። 

የግቢው በር ተንኳኳ። ፖሊሱ ሲከፍት አንዲት ወጣት ሴት ገባች፤ ሐጀራ ናት። ክንዷን የተደገፉት አሮጊት አንድ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል። በብብታቸው የጋዜጣ ጥቅል ይዘዋል።

አሮጊቷ በደህናው ዓይናቸው ሰዉን ሁሉ አንድ በአንድ አዩ። አሻግሬ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ደሴ ስትል ከበር ሰማሁህ። እኔ ደሴን አይቼውም አላውቅ።»

ወይዘሮ አማረች ለዓይናቸው ሕክምና ደብረ ዘይት እህታቸው ጋ ከገቡ ሁለት ወራቸው ነው። ቤቱን ጠብቅልኝ ብለው ቁልፉን የሰጡት ለባላቸው ወንድም ልጅ ለአሻግሬ ነበር። ሳጥን ከፍቶ ካርታውን ያወጣው ያኔ ነው። ለገና እመለሳለሁ ብለውት ስለነበር ከገና በፊት ሸጦ መጨረስ ነበረበት።

ሮሪሳ ወደ ሐጀራ ዞረ። «ካርታውን የወሰድሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ» አለች።  «ሰኞ አመሻሽ ላይ አሻግሬ ሰዎቹን ሊሸኝ ሲወጣ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እማማ ቤታቸውን እንደማይሸጡ አውቃለሁ።»

«ለምን ለፖሊስ አልተናገርሽም?»

«ምን ይዤ? ተከራይ ነኝ። ሱቋ እንዳይፈርስባት ነው ይለኛል። እማማ ስልክ የላቸውም። ስለዚህ ወረቀታቸውን ይዤላቸው ሄድኩ።» ወደ እነዘአማኑኤል ዞረች። «በእናንተ ይላከካል ብዬ አላሰብኩም። አፉ በሉኝ።»

«የኔን ወረቀት ለኔ ማምጣት ስርቆት ይባላል?» አሉ ወይዘሮ አማረች፣ ጥቅሉን ለሮሪሳ እያሳዩ።

«አይባልም እማማ» አለ ሮሪሳ።

አሻግሬ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሲናገር ወደ ማንም አላየም። «ይህን ቤት የሠራው አጎቴ ነው። ልጅ ሆኜ ጭቃውን በእግሬ ረግጬለታለሁ። ልጅ የላቸውም። እኔ ከእነልጆቼ በኪራይ ስንከራተት እሳቸው አንዱን ክፍል አከራይተው በቀሩት ሁለቱ ብቻቸውን ይኖራሉ። ድርሻዬን ነው የወሰድኩት።»

«ረግጠሃል፤ አልክድህም» አሉ አሮጊቷ። «ብትጠይቀኝ ግባ እልህ ነበር። አልጠየቅከኝም።»

ፖሊሱ አሻግሬን ይዞት ወጣ። ወንድዬም ቃሉን ሊሰጥ ተከተላቸው።

ሮሪሳ ዘአማኑኤልን ትከሻውን ያዘው። «ትናንት ፈርማችሁ ቢሆን ሲፒኦውን ይዞ ይጠፋ ነበር። ቤቱ በፍርድ ቤት ለባለቤቷ ይመለስ ነበር። እናንተ ቤትም ገንዘብም አይኖራችሁም ነበር።»

ዘአማኑኤል ግንቡን ተደገፈ። እምነት ሳታስበው ሳቅ አመለጣት፤ ከሳቋ ጋር እንባዋ ወረደ። ወደ ሐጀራ ሄዳ አቀፈቻት። 

ወደ ሳሪስ የተመለሱት በከፊል በእግራቸው ነው፤ ቃሊቲ ድረስ ሄደው ከዚያ ታክሲ ያዙ። እምነት በመንገድ ላይ ስለዚያ ግቢ አወራች፤ ስለ ጎመኑ፣ ጠዋት ፀሐይ ስለሚገባበት መስኮት። ዘአማኑኤልም እኔም ወድጄው ነበር አላት። ተናግረው ሲጨርሱ ሁለቱም ቀለላቸው።

እትዬ ያለምወርቅ በር ላይ ጠበቋቸው። እምነት እንደምንም ብላ ጠየቀቻቸው።

«ክፍሉን ለሰው ሰጥተውታል?»

«ቃል ገብቼ ነበር» አሉ። «ሰውየውን ነገ እነግረዋለሁ። ልጆቼ በዓመት በዓል መንገድ ላይ አይወድቁም። ደግሞ ትናንት ፖሊሱን፣ እነዚህ የሰው መርፌ አይነኩም ብዬዋለሁ። አልሰማኝም።»

በማግስቱ ዘአማኑኤል ሲፒኦውን ይዞ ባንክ ሄደ። ሠራተኛዋ ቅጽ ሰጠችው። «የተመለሰበት ምክንያት» በሚለው መስመር ላይ ትንሽ አሰበና «የቤቱ ባለቤት ተገኙ» ብሎ ጻፈ።

ሠራተኛዋ አንብባ ቀና አለች። «ይሄ ምን ማለት ነው?»

«ተርፈናል ማለት ነው» አላት።