አርያም የፈጠረቻት እህት

አርያም የዐሥር ዓመት ልጅ ናት። የምትኖረው እዚሁ ካልጋሪ፣ ራንድል ሰፈር ውስጥ፣ ከእናቷ ከወይዘሮ ወለተማርያም ጋር በአንድ ቤት ቤዝመንት፣ ከመሬት በታች ባለው ክፍል ነው። ልጆች፣ «የምትኖረው» አልኩ እንጂ ገና መግባቷ ነበር። ከዚያ በፊት ሜይላንድ ሃይትስ ነበሩ። ከዚያ በፊት ኤሪን ውድስ። ከዚያ በፊት ደግሞ አርያም ስሙን የማታስታውሰው ሰፈር። አንዱ ቤት ይሸጣል፤ አንዱ ሬንት ይጨመርበታል፤ አንዴ ደግሞ የእናቷ ሥራ ይቀየራል። ዕቃ ይታሰራል፣ ይኬዳል።

ኤሪን ውድስን ሲለቁ አርያም አለቀሰች። እዚያ የምትወዳት ጓደኛ ነበረቻት። ሜይላንድ ሃይትስ ስትገባ ግን በልቧ «ከእንግዲህ ከማንም ጋር አልቀራረብም» አለች። ብዙም ሳትቆይ ግን ብቻዋን መሆን ሰለቻት። አንድ ቀን ለክፍሏ ልጆች «እኛ ፈረስ አለን» አለቻቸው። ልጆቹ ከበቧት። ውሸቷ ሳይታወቅባት ያንንም ቤት ለቀቁ። ያን ጊዜ አርያም አንድ መጥፎ ነገር ተማረች። «ለምን እውነት እናገራለሁ? ለማንኛውም እንሄዳለን» አለች።

አያችሁ፣ ቤት መቀየር ጥፋት አይደለም። ግን ብዙ ጊዜ ሲሆን የልጅን ጠባይ ይለውጣል። አንዱ ዝምተኛ ይሆናል፣ አንዱ ደፋር ይሆናል። አርያም መዋሸት ለመደች።

ራንድል በገባች ሰሞን ቅድስት የምትባል የክፍሏ ልጅ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እህት ወንድም አለሽ?» አለቻት።

አርያም ትንሽ አሰበች። «ትዊን ሲስተር አለችኝ። ኑሃሚን ትባላለች።»

«ሪሊ? ታዲያ ለምን ስኩል አትመጣም?»

«ታማለች። ከቤት አትወጣም። ሲሻላት ግን ከስኩሉ ጀርባ ያለው ኩሬ በረዶ ላይ እየተንሸራተትን ስኬት እናደርጋለን ብላኛለች።»

ቅድስት እህት የላትም። ኑሃሚንን ሳታያት ወደደቻት። ብርቱካን ላከችላት። ቀዩን የሱፍ ጓንቷንም ላከችላት። አርያም ብርቱካኑን መንገድ ላይ በላችው፤ ጓንቱን አልጋዋ ሥር ደበቀችው።

የአርያም እናት አረጋውያን በሚጦሩበት ኬር ሆም ውስጥ የማታ ሺፍት ትሠራለች፤ ቀን ትተኛለች። ስለዚህ አርያም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤቱ ጭር ያለ ነው። መስኮቱ ትንሽ ነው፣ ከመሬት እኩል፤ ግማሹን በረዶ ሸፍኖታል። አንድ ቀን አርያም ሆምወርኳን እየሠራች ሳለ እናቷ ከመኝታ ቤት ብቅ አለች።

«አርዬ፣ ማን መጥቶ ነው?»

«ማንም አልመጣም።»

«ታዲያ ከማን ጋር ታወሪያለሽ? የሁለት ልጅ ድምፅ ሰማሁ እኮ።»

«እማዬ፣ እኔ ምንም አላወራሁም።»

እናቷ «በሕልሜ ይሆናል» ብላ ተመለሰች። አርያም ግን እርሳሷን አስቀመጠች። ከግድግዳው ጀርባ ማሞቂያው እንደ ሰው ይተነፍሳል። ሌላ ድምፅ የለም።

ሰኞ ቅድስት እየሮጠች መጣች። «ጌስ ዋት! ኑሃሚንን አየኋት! ቅዳሜ ጠዋት ከዳዲ ጋር በናንተ በር ስናልፍ መስኮቱ ጋ ነበረች። እጄን አወዛወዝኩላት፣ እሷም አወዛወዘችልኝ። ጓንቴን አድርጋዋለች!»

 ቅዳሜ ጠዋት ግን አርያምና እናቷ ጥርስ ሐኪም ጋ ነበሩ። ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም።

እቤት እንደደረሰች አልጋዋ ሥር እጇን ሰደደች። ጓንቱ እዚያው ነበር። ግን ቀዝቅዟል፤ እርጥብ ነው።

ልጆች፣ ይሄኔ እውነቱን መናገር አልነበረባትም? ለቅድስት ልትናገር ፈለገች፤ ግን «ከነገርኳት ትጠላኛለች። ለማንኛውም እንሄዳለን» አለችና ጓንቱን መልሳ ደበቀችው።

ከዚያ ቺኑክ መጣ። ታውቁት የለ? በብርዱ መሀል ድንገት ከተራሮቹ በኩል ሞቃት ነፋስ ይነፍሳል፤ በረዶው ይቀልጣል፤ ጣሪያው ሁሉ ይንጠባጠባል። የዚያን ቀን ነፋሱ ቤቱን እየዞረ ያቃስት ነበር። ከትምህርት ቤት በኋላ በሩ ተንኳኳ። አርያም ከፈተች። የቅድስት አባት ጋሼ የሺዋስ ናቸው።

«ቅድስት እናንተ ጋ አልመጣችም?»

«አልመጣችም፣ ጋሼ።»

«የክፍሏ ልጆች ‹ኑሃሚን ጠርታኛለች› ብላ ሄደች አሉኝ። እህትሽ የት ናት?»

አርያም «ተኝታለች» ልትል ነበር። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ጋሼ የሺዋስ ግን መልሷን ሳይጠብቁ ወደ ውስጥ «ቅድስት!» ብለው ተጣሩ።

«ጋሼ፣ እህት የለኝም። ዋሽቼ ነው። ቅድስት ኩሬው ጋ ሄዳ ይሆናል። ኑሃሚን ኩሬው ላይ መንሸራተት ትፈልጋለች ብያት ነበር።»

ጋሼ የሺዋስ ሮጡ። አርያምም ጃኬት ሳትደርብ ተከተለቻቸው።

ኩሬው ላይ ነጭ ጭጋግ ተኝቷል። ቅድስት ከዳሩ ርቃ በረዶው ላይ ቆማለች። ጀርባዋን ሰጥታቸዋለች። ወደ ጭጋጉ እያየች «ቆይ፣ እየመጣሁ ነው!» ትላለች። ከእግሯ በታች በረዶው አቃሰተ። አባቷ እንዳይሰበር ፈርተው በሆዳቸው ተኙና ወደ እሷ እየተሳቡ ሄዱ።

«ቅድስት፣ ተመለሽ!» ብላ አርያም ጮኸች። «ኑሃሚን የለችም! የፈጠርኳት እኔ ነኝ!»

«እዚህ ናት እኮ! እየጠራችኝ ነው!»

«ውሸት ነው! ብርቱካኑን የበላሁት እኔ ነኝ! ጓንትሽን የደበቅኩት እኔ ነኝ!»

ቅድስት ዞር አለች። አርያምን አየቻት። ቀስ ብላ መመለስ ጀመረች። አባቷ እጅጌዋን ይዘው ሲስቧት ቆማበት የነበረው ቦታ ተሰነጠቀ፤ ጥቁር ውኃ ፈሶ ወጣ።

ሦስቱም ዳር ላይ ሆነው ጭጋጉን አዩ። ማንም የለም። አርያም ግን በነፋሱ ውስጥ አንዲት ልጅ ስትስቅ የሰማች መሰላት። ሳቋ የራሷን የአርያምን ሳቅ ይመስል ነበር።

ምን ነበር ትሉኝ ይሆናል። አላውቅም፣ ልጆች። እኔ የማውቀው፣ ቅድስት ትንሽ ብትቀጥል ኖሮ እንደማትመለስ ነው።

አርያም እናቷን ቀስቅሳ ሁሉንም ነገረቻት። እናቷ አቀፈቻት። «ከቤት ቤት ሳዞርሽ ልብሽ ምን እንደሚሆን አንድ ቀን ጠይቄሽ አላውቅም። ይሄ የኔ ጥፋት ነው» አለቻት። «ውሸቱ ግን ያንቺ ነው። አብረን የንስሐ አባታችን ጋ እንሄዳለን።» ሄዱም። አርያም ተናዘዘች፣ አለቀሰች። ጋሼ የሺዋስንም እግራቸው ላይ ወድቃ ይቅርታ ጠየቀች።

ቅድስት ግን ለብዙ ጊዜ አላናገረቻትም። ከዚያ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መጥታ ፊት ለፊቷ ቆመች።

«ስለ ኑሃሚን ሁሉንም ነገር አውቃለሁ» አለች። «ስላንቺ ግን፣ ላይክ፣ ምንም አላውቅም። ምን ትፈሪያለሽ?»

አርያም የሚያምር መልስ ፈልጋ ነበር፤ ተወችው።

«ካርቶን» አለች። «እማዬ ባዶ ካርቶን ይዛ ስትገባ፣ ‹ደግሞ ልንሄድ ነው› እላለሁ።»

ቅድስት አልሳቀችባትም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ልጆቼ፣ የትም ሰፈር ብንሄድ እግዚአብሔር አብሮን ነውና፣ በሄድንበት ሁሉ እውነትን እንናገር።