የሐሙስ ገበያዋ ሸክላ ሠሪ

«አትንካኝ!»

ለሐብተ ማርያም መጀመሪያ ያልኩት ቃል ይኸው ነው። ፍቅር እንዲህ ሲጀመር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ከመንደራችን ከወለቃ እንስራ ተሸክሜ ጎንደር ስገባ ጭቃው አዳለጠኝና ወደቅሁ። እሱ ሊያነሳኝ ሮጦ መጥቶ እጁን ዘረጋ። ጮህኩበት። ክፉ ሆኜ አይደለም። እኛ ቤተ እስራኤሎች የሌላ እምነት ሰው ከነካን ወንዝ ወርደን ሳንታጠብ ቤታችን አንገባም፤ ሕጋችን ነው። እሱ ግን እሳት እንደነካው ሰው እጁን ሰበሰበ። ያኔ ንዴቴ መጣ። ከተሜው ሸክላ ሠሪን ሁሉ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ይላል። ይሄም ፈራኝ አልኩ።

«እንስራሽ ተሰበረ» አለኝ ቆሞ።

«አይቻለሁ። ዓይን አለኝ!»

ሐብተ ማርያም የደብር አስተዳዳሪው የአለቃ ኃይለ ጊዮርጊስ ልጅ ነው፤ የአባቱን ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይሥላል። ብዙም ሳይቆይ ወለቃ ድረስ መጥቶ ቀለም የሚበጠብጥባቸው ትንንሽ የሸክላ ሳህኖች አዘዘኝ። ሠርቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩለት፤ ከመሬት አነሳ። እንዲህ እያደረግን ክረምቱ አለፈ። አንድ ቀን አላስችል አለው።

«ቆይ፣ ይህን ያህል ነው የምትጸየፊኝ?»

«እኔ? አንተ ነህ እንጂ ዓይኔን የምትፈራው!»

«ዓይንሽንማ እፈራለሁ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «እንቅልፍ ነስቶኛል።»

ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ አለቀልኝ።

ጊዜው ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። የጎንደር ትልቁ ገበያ ቅዳሜ ይውላል፤ ቅዳሜ ደግሞ ሰንበታችን ነው። ስለዚህ ሸክላችንን ተሸክመን በየደጁ እንዞር ነበር፤ ውሻ የሚለቅብንም ነበር። ሐብተ ማርያም ይህን ሲሰማ አባቱን ለመነ፣ ተጨቃጨቀ፣ ሥዕሉንም አልጨርስም ብሎ አኮረፈ። በመጨረሻ አለቃ ሐሙስ ሐሙስ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር እንድንሸጥ ፈቀዱልን። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው ሁሉ እዚያ ተሰበሰበ። እናቴ ተቀምጣ ስትሸጥ፣ ገዢ በእግሩ ወደ እሷ ሲመጣ አይታ አለቀሰች። ዓመት ሳይሞላ የብዙ ቤት ጉሮሮ በዚያች ገበያ ላይ ተንጠለጠለ።

«ስለ አንቺ ለማን እንደማወራ ታውቂያለሽ?» አለኝ አንድ ሐሙስ፣ ሸክላ የሚመርጥ መስሎ።

«ለማን?»

«ለእህቴ ለአምሳል ብቻ። ሲነጋም ሲመሽም እንኳየሁ፣ እንኳየሁ እያልኩ አሰለቸኋት። ሸጋ ስም ነው ትላለች።»

ደስ አለኝ... ምነው ባልነገራት ኖሮ!

አምሳል ደንቢያ ዘመድ ጥየቃ ሄዳ ትኩሳት ይዟት ተመለሰች። ያን ዓመት ደንቢያ ላይ ወባ ሰው ይፈጅ ነበር። ቤተሰቡ ግን ቡዳ ነው ብሎ በጭስ አጠናት። ቡዳ የያዘው ሰው ሲታጠን የበላውን ሰው ስም ይለፈልፋል ይላሉ። ልጅቱም በትኩሳት እንደነደደች ለፈለፈች።

«እንኳየሁ... እንኳየሁ...»

ሐሙስ ሲደርስ የአምሳል ዘመዶች ዱላ ይዘው መጡ። የእናቴን እንስራዎች በእግራቸው እየረገጡ አደቀቋቸው። የአምሳል አጎት በጣቱ ጠቆመኝ።

«ይቺ ናት! መጥተሽ እንትፍ ብለሽ ልቀቂያት! አለዚያ እዚሁ እንገድልሻለን!»

«አምሳልን በዓይኔ አይቻት አላውቅም!»

«ታዲያ ስምሽን ከየት አመጣችው?»

ከየት እንዳመጣችው አውቃለሁ። ብናገር እሱ አለቀለት። ዱላው ተነሳ።

«ከእኔ ነው የሰማችው!»

ሐብተ ማርያም ከቤተ ክርስቲያኑ እየሮጠ ወጣ። እጁ እስከ ክንዱ ቀለም ነክቶታል።

«እወዳታለሁ! ቀን ከሌት ስሟን ለእህቴ የምጠራላት እኔ ነኝ። የምትመቱ ከሆነ እኔን ምቱኝ!»

ዱላው ወረደ። አለቃ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

አምሳል በማግስቱ ሞተች። እኔም ሳላያት አለቀስኩላት። በዓለም ላይ ስሜን ሸጋ ያለች እሷ ብቻ ነበረች።

በሚቀጥለው ገበያ ሐብተ ማርያም መጥቶ ፊቴ ቆመ። ከስቷል።

«አባቴ ቁርጡን ነገረኝ» አለ። «ወይ ዋልድባ ገብቼ እመነኩሳለሁ፣ ወይ ገበያው ይዘጋል። ገበያው ከተዘጋ የአባቴም ጥበቃ ይቀራል፤ ከእነዚያ ሰዎች የሚያስጥላችሁ የለም።»

«ይዘጋ! እንጥፋ! መተማ እንሂድ፣ የትም!»

ወደ እናቴ ዞሮ አየ። ከስባሪው መሃል የተረፉላትን ሁለት ጀበናዎች ደርድራ ገዢ ትጠብቃለች።

«እናትሽስ?» አለኝ።

እኔም ዞሬ አየኋት።

የቀለም ሳህኑን ከጉያው አወጣ። «ገዳም ምንም ይዤ አልገባም» አለና እንደ ልማዳችን መሬት ላይ አስቀመጠልኝ። እኔ ሳህኑን አላነሳሁም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጁን ያዝኩት።

«እንኳየሁ... ሕግሽ!»

«አውቃለሁ።»

እስኪበቃን ተያይዘን ቆምን። አልበቃንም። ከዚያ ሄደ፤ ተመልሶም አላየሁት። በኋላ ባል አግብቼ ወልጃለሁ፤ ልጆቼም በዚያው ቅጥር ሥር ሐሙስ ሐሙስ ሸክላ ይሸጣሉ።

ያን ቀን ወደ ወለቃ ስንመለስ ሴቶቹ ወንዙ ዳር አቆሙኝ። እናቴ ከማዶ ሆና ተጣራች።

«ምነው ልጄ፣ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ታጠቢ እንጂ!»

«እሺ እማ» አልኳት። እሱን የያዝኩበትን እጄን ጨብጬ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ልትገባ ጥቂት እስኪቀራት ድረስ አልተነሳሁም። ከዚያ ውሃው ውስጥ ገባሁ።