የሐምባል መጻሕፍት ባለቤቶች

በወርዘን መንግሥት መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው የለም ይባል ነበር፤ መጽሐፍ የሚሰጠው የሐምባል ተራራ ነው። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ አንድ ወጣት ለተራራው ይሰጣል፤ በዓመቱ ከተራራው ዋሻ ደጃፍ አዲስ መጽሐፍ ይገኛል። ሕዝቡ በአደባባይ ሲነበብለት ያለቅሳል፣ ይስቃል፣ ልቡ ረክቶ ወደ ቤቱ ይገባል። የተሰጠውን ልጅ ስም የጠራ ግን ምላሱ እንዲቆረጥ ታውጇል። ልጅ እየዋጠ መጽሐፍ የሚተፋ ተራራ አይቶ፣ ነገሩ እንዴት ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። የሚያንገበግበው ይህ ነው።

በዚያ ዓመት ንጉሥ ሰይፈ አድባር በዙፋኑ ተቀምጦ አዲሱ መጽሐፍ ሲነበብ፣ ተምኔት የምትባል ወጣት ከሕዝቡ መካከል ቆማ ነበር። እህቷ ለተራራው የተሰጠችው አምና ነው። አንባቢው ሁለት ሕፃናት በጎተራ ሥር ከበረዶ ሲሸሸጉ የሚተርከውን ገጽ ገለጠ። ታላቂቱ የታናሺቱን ጆሮ በመዳፏ ሸፍና፣ ሰማዩ የወተት ጥርሱን እየነቀለ ነው፤ አትፍሪ፣ ሌላ ያበቅላል ትላታለች። ከአጠገቧ ያለች አሮጊት እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ተምኔት ግን ደሟ ፈላ። ጎተራው የአባቷ ነበር፤ ያን ቃል ከእሷና ከእህቷ በቀር የሰማ የለም።

«ይህን የጻፈው ተራራ አይደለም» አለች፤ ድምጿ ከአደባባዩ ዳር እስከ ዳር ተሰማ። «የጻፈችው እህቴ ወይንሐረግ ናት።»

ስሙ እንደተጠራ በአንባቢው እጅ ካለው ብራና ላይ አንድ መስመር ነጥቶ ጠፋ። የንጉሡ ፊት ተለዋወጠ፤ ምላሷ ይቆረጥ ብሎ አዘዘ። የንጉሡ ጋሻ ጃግሬ ዳምጠው ግን ካራ ይዘው የመጡትን ወታደሮች በጋሻው ገፍትሮ፣ ተምኔትን አፈፍ አድርጎ በፈረሱ ይዟት ወጣ።

ከከተማው ከራቁ በኋላ ለምን እንዳዳናት ጠየቀችው። በልጅነቱ፣ እናቱ በሞተችበት ዓመት፣ ስለ አንድ ታንኳ ቀዛፊ የሚተርክ መጽሐፍ በአደባባይ ሲነበብ መስማቱን ነገራት። ያን ባይሰማ ኖሮ ሐዘኑ ይገድለው እንደነበር አልደበቃትም።

«ያን የጻፈው ሰው ከሆነ» አለ፣ «በተሸከምኩት ጋሻ ምያለሁ፣ እጁን ሳልስም አልሞትም።»

ተምኔትም ንጉሡ የሚፈራው ስም ከሆነ ስም እንሰብስብለት አለች። ወደ ሐምባል በሚወስደው መንገድ ልጅ የተወሰደበትን ቤት ሁሉ እያንኳኩ ጠየቁ። አንዳንዱ በሩን ዘጋባቸው፤ የዚያን ቤት ልጅ ስም ከጎረቤት ጠይቀው አገኙ። አንዳንዷ እናት ግራ ቀኙን አይታ ስሙን በጆሯቸው ሹክ አለቻቸው። በወንዝ ዳር አንዲት ባልቴት ልጇ ቀጸላ ታንኳ ይቀዝፍ እንደነበር ስትነግራቸው፣ ዳምጠው ከፈረሱ ወርዶ ጉልበቷን ሳመ። ተምኔት ግን በከተማው ሊቃውንት ጥርሷን ነከሰች። መጻሕፍቱን ሲተነትኑ የሚውሉ ስንት አዋቂዎች ሳሉ፣ ይህን በር ያንኳኳ አልነበረም።

በሐምባል ዋሻ ውስጥ ዘፍጢር የሚባለው አውሬ ተጋድሞ ነበር። ዐይን የለውም፤ ጋሻ የሚያካክሉ ጆሮዎቹን ቀስሮ ብራና ላይ የሚጫረውን ብዕር ያዳምጣል። ሥጋ አይበላም፤ ምግቡ ትዝታ ነው። ሰው የጻፈው ሁሉ ከልቡ ወጥቶ ወደ አውሬው ሆድ ይገባል፤ ብራናው ለንጉሡ ይተርፋል። ለዚህ ትራፊ ሲሉ ነው የወርዘን ነገሥታት የሰው ልጅ ሲሸጡ የኖሩት። ጽፈው የጨረሱት ሰዎች ባዶ ዐይናቸውን አፍጥጠው በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ወይንሐረግም ከመካከላቸው ነበረች። ተምኔት ከፊቷ ተንበርክካ እጇን ያዘቻት።

እህቷ በትሕትና ቀና አለች። «ማንን ፈልገው ነው?» ስትል ጠየቀቻት።

ከገዛ እህቷ አፍ «እርስዎ» መባል ተምኔትን እንደ እሳት ለበለባት። አላለቀሰችም። ተነሥታ፣ በአደባባዩ ስም ሲጠራ የነጣው መስመር ትዝ ብሏት፣ የሰበሰበችውን ስም አንድ በአንድ በአውሬው ጆሮ ጮኸችበት። በየስሙ አንድ ሰው እየባነነ ተነሣ፤ በየስሙ አንድ መጽሐፍ ነጣ፤ በየስሙ ዘፍጢር ከሰውነቱ ጎደለ። አውሬው አጓርቶ ሲወረወርባት ዳምጠው ጋሻውን ደቅኖ መካከል ገባ። የእህቷን ስም ስትጠራ ወይንሐረግ ጆሮዋን በመዳፏ ሸፍና ዙሪያዋን አየች።

«በረዶው አቆመ?» አለች።

በዚያች ቅጽበት የአውሬው ቀንድ ጋሻውን ሰንጥቆ የዳምጠውን ጎን ወጋው። የቀረው የቀጸላ ስም ብቻ ነበር፤ ተምኔት ግን ወደ ዳምጠው ዞረች።

«ጋሼ፣ የታንኳው መጽሐፍ ይጠፋል» አለችው።

«ጥሪው» አለ ዳምጠው ደሙን በእጁ አፍኖ። «እኔ የመጣሁት ለሰውየው ነው።»

ጠራችው። ዘፍጢር እንደ ባዶ ስልቻ ተጨማዶ ወደቀ። ጸጉሩ የሸበተ ሰው ከግድግዳው ሥር ተነሥቶ መጣና ከቁስለኛው ራስጌ ተቀመጠ። ዳምጠው እጁን ሳመው። ቀጸላም ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀመረለት። ታንኳው ከወንዙ መካከል ሳይደርስ የዳምጠው ትንፋሽ ቆመ፤ ቀጸላ ግን ታሪኩን አላቋረጠም፣ እስከ መጨረሻው ነገረው።

ጸሐፊዎቹ የተሰነጠቀውን ጋሻ ይዘው ከተማ ሲገቡ አደባባዩ በጩኸት ተናወጠ። የቤተ መንግሥቱ መጻሕፍት ሁሉ ነጥተዋል። ንጉሡ፣ ጸሐፊዎቹ ተቀምጠው እንደገና ይጻፉ ብሎ ሲያዝ፣ ሕዝቡም መጽሐፋችንን መልሱ እያለ አብሮ ጮኸ። ተምኔት ጋሻውን ከዙፋኑ ሥር ወረወረችው።

«ልጆቻችሁ ሲወሰዱ ትንፍሽ አላላችሁም፤ ዛሬ ለብራና ትጮኻላችሁ» አለች። «ታሪኮቹ አልጠፉም። ባለቤቶቻቸው ይኸው ቆመዋል። የሚፈልግ በስማቸው ጠርቶ ይጠይቃቸው።»

ከአደባባዩ ሰው ስማቸውን የሚያስታውስ አልነበረም። ከቆይታ በኋላ ያቺ ባለ ነጠላ አሮጊት በሰዉ መካከል እየተጋፋች ወጥታ ከተምኔት አጠገብ ካለችው ከወይንሐረግ ፊት ቆመች። የበረዶውን ታሪክ መስማት እንደምትፈልግ አንገቷን ደፍታ ተናገረች።

«ማን ልበልሽ ልጄ?» አለቻት።

ባለ ካራው ወታደር ወደ ንጉሡ አየ።

«ወይንሐረግ እባላለሁ።»

«ወይንሐረግ» ብላ አሮጊቷ፣ ንጉሡ እየሰማ፣ ጮክ ብላ ጠራቻት።