የደፈንኩት ጆሮ የሰማው

ወዳጄ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እወቅልኝ፣ እኔ እገሌ ከሞተ በኋላ አጥር ሥር ታየ፣ እገሊትን ጥላ አስደነገጣት ሲባል ክው ከሚሉት ወገን አይደለሁም፣ እንዲያውም እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ሰው ፊት የምሳለቅ፣ በዚሁ ምክንያት ከባለቤቴ ጋር ስንት ጊዜ የተኳረፍኩ ሰው ነኝ። አሁን የምነግርህን ሌላ ሰው ቢያወራልኝ ኖሮ “ሂድ ወዲያ፣ አረቄውን ቀንስ” ብዬ እሸኘው ነበር። ምን ላድርግ፣ በራሴ ደረሰ።

ቤቴ ቁሐር ሚካኤል ነው፣ የማመርተው ሩዝ ነው፣ ሩዝ ያለው ሰው ደግሞ ጠላቱ ብዙ ነው፣ ቀን ወፍ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ጉማሬ። ጉማሬው ከሐይቁ የርብን ወንዝ ተከትሎ ይወጣና ማሳ ይገባል፣ ከበላው የረገጠው ይብሳል። ስለዚህ ማማ ሠርተን እንጠብቃለን፣ ሲመጣ ወደ ሰማይ እየተኮስን እናባርረዋለን። ስንት ዘመን በዚህች አሮጌ ምንሽሬ ስተኩስ ኖሬ የግራ ጆሮዬ ሄደ። ለምን የግራው እንደሆነ ታውቃለህ? ሰደፉን በቀኝ ትከሻህ ስትደግፍ ወደ አፈሙዙ የሚዞረው ግራ ጆሮህ ነው። ይህን የነገረችኝ ወረታ ሐኪም ቤት ያገኘኋት ነርስ ናት።

“አባባ፣ የግራው አይመለስም” አለችኝ ፊት ለፊቴ ቆማ እየጮኸች፣ “ቀኙን የሚያተርፉት ግን እርስዎ ነዎት። ሳይደፍኑ እንዳይተኩሱ፣ ሌላ ሰው ሲተኩስም አፈሙዙ አጠገብ እንዳይቆሙ፣ አንዲት ጥይት ትበቃዋለች።” ደረቅ ጥጥ ብቻውን ብዙ እንደማይረዳ ነግራኝ እንደ ስፖንጅ ያለች ቢጫ ውታፍ ሰጠችኝ፣ በሦስተኛው ቀን ጭቃ ውስጥ ጣልኳት፣ የኔ ነገር።

እኔ ደግሞ ባገሬ ሽማግሌ ነኝ፣ ድንበር ሲገፋ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ የምጠራው እኔ ነኝ፣ እና የሰው ቃል የማይሰማ ሽማግሌ ምን ይረባል? ያችን የቀረችኝን ጆሮ እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የምሳሳላት። አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ፣ ጆሮው የደከመ ሰው ክፉ ይሆናል፣ ሁለት ሰው ራቅ ብሎ ከሳቀ በኔ ነው ይላል፣ ባለቤቴ ከጎረቤት ስታወራ ከንፈሯን ነው የማየው። ተጠራጣሪ ሆኜ ነበር፣ አልክድህም፣ ይህንንም አስበህ ፍረደኝ።

የማሳ ጎረቤቴ ደሴ ይባላል፣ በዕድሜ ያንሰኛል፣ አንድ ማማ ላይ አብረን እንጠብቃለን። ታላቅ ወንድሙን ዓለሙን ካቻምና በነሐሴ ውሃ ወሰደው። ያኔ ሜዳው ሁሉ ሐይቅ ሆኖ ነበር፣ እኔ ታምሜ ቤት ውያለሁ፣ ደሴ ብቻውን ማማው ላይ ነበር፣ ዓለሙ ራት ይዞለት ውሃውን ሲያቋርጥ ጎርፉ ጠልፎ ወሰደው። ጩኸቱን ከማዶ ያሉ ሰዎች ሰምተዋል፣ ማማው ደግሞ ከማዶዎቹ ይልቅ ለሟች ይቀርብ ነበር። ለቅሶው ላይ ሽማግሎች ተቀምጠን ደሴን ጠየቅነው፣ እኔም አንዱ ነበርኩ። “ልተኩስ ብዬ ጆሮዬን ደፍኜ ነበር፣ አልሰማሁም” አለን፣ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ፣ እኛም አመንነው፣ ማን በወንድሙ ይጨክናል ብለን።

ዘንድሮ በጥቅምት ነው እንግዲህ፣ ሩዙ ሊታጨድ ቀርቧል፣ ውሃው ግን ከማሳው ገና አልወጣም። ባለቤቴ ጥሩዬ ከዓለሙ ሙት ዓመት የተረፈ የጧፍ ቁራጭ አግኝታ፣ ሰሙን በእጇ አሙቃ ከጥጥ ጋር ለውሳ ሁለት ውታፍ ሠራችልኝ፣ እመነኝ፣ ከነርሷ ዕቃ አይተናነስም። ማማው ላይ ሆኜ ሳወጣው ደሴ በሳቅ ፈረሰ።

“አያ ደምሌ፣ ምንድን ነው እሱ? ጆሮህን እንደ ጠላ ጋን ልትመርገው ነው እንዴ?”

“ሳቅ አንተ፣ ቀኙም ሊሄድብኝ ነው። አንተም ብትደፍን ይሻልሃል።”

“እኔ? እኔ ጆሮዬን ደፍኜ አላውቅም፣ ወደፊትም አልደፍን።”

ይህን ብሎ ፊቱን ወደ ሩዙ አዞረ። ደፍኜ አላውቅም? ለቅሶው ላይ ፊታችን የተናገረውስ? በጎን እያየሁት፣ እሱም በጎን እያየኝ ተቀመጥን።

ጀንበሯ እንደጠለቀች፣ ሰማዩ ገና እንደቀላ፣ ጉማሬው በሩዙ ጥግ ብቅ አለ። ውታፌን ደፍኜ አንድ ጥይት ወደ ላይ ለቀቅኩ፣ ተመለሰ፣ እሰየው። ውታፉን ሳላወጣ ቁጭ እንዳልኩ ቸብ... ቸብ... ቸብ... የሚል ሰማሁ። ውሃ ውስጥ የሚሄድ ሰው ነው፣ እግሩን ከጭቃ እየነቀለ የሚራመድ፣ ከብት እንዲህ አይሄድም፣ ጉማሬም አይሄድም። እሱ ይሁን፣ የከፋው ምን መሰለህ፣ የሰማሁት በግራ ጆሮዬ ነው፣ በሞተው!

ውታፉን አወጣሁ፣ በደህናው ጆሮዬ የእንቁራሪት ጩኸት ብቻ። መልሼ ደፈንኩ፣ ቸብ... ቸብ። የሙት ዓመት ጧፍ ነው ይህን ያመጣው ብዬ ሰሙን ወረወርኩና በጣቶቼ ደፈንኩ፣ እዚያው ነው፣ እንዲያውም ቀርቧል። የልቤ ምት ይሆናል ብዬ አንዱን እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ፣ አይገጥምም፣ ልቤ ይጋልባል፣ እሱ ዝግ ብሎ ይራመዳል። ከዚያ አሳለ። ዓለሙ ሲያስል ሁለት ጊዜ አጠር አጠር አድርጎ ነበር፣ በጨለማ እንኳ የምንለየው በሷ ነው። ሚካኤልን! ሁለት ጊዜ፣ አጠር አጠር አድርጎ አሳለ።

ቀና ስል ደሴ ማሳውን ትቶ ጆሮዬ ውስጥ ያለውን ጣቴን ነው የሚያይ። ጣቴን አወጣሁ።

“ሰው ይሰማኛል፣ ውሃ ውስጥ” አልኩት።

ሌላ ሰው ቢሆን ማን ነው ይል ነበር፣ የት ነው ይል ነበር። እሱ ግን ወደ ቀኝ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ “አንተም ሰማኸው?” አለኝ።

“አንተም ማለት ምን ማለት ነው?”

“ለምን የማልደፍን ይመስልሃል፣ አያ ደምሌ? ከዚያ ቀን ወዲህ ጣቴን እንኳ ጆሮዬ ውስጥ አላስገባም፣ ስተኛም እጄን ከጭንቅላቴ አርቄ ነው።”

“በሚካኤል ይዤሃለሁ፣ ያን ቀንስ ደፍነህ ነበር ወይስ አልነበረም?”

አፉን ከፈተ፣ ምን ሊል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። “ጉማሬ!” ብሎ ጮኸና ክላሹን ከትከሻዬ በላይ አሳልፎ፣ ከቀኝ ጆሮዬ አንድ ስንዝር እንኳ በማይርቅ ቦታ ሁለት ጊዜ ተኮሰ።

ጆሮዬ ጭው አለ፣ ከዚያ ምንም። ደሴ አፉን ይከፍታል፣ ያለቅሳል፣ ይምላል መሰለኝ፣ ድምፁ የለም። ምድር ዞራብኝ ስወድቅ አዝሎ እስከ መንገዱ ያደረሰኝ እሱ ነው፣ ይህን አልነፍገውም። ግን እንደተኮሰ ዞሬ ወደተኮሰበት አይቻለሁ፣ ሩዙ አልተነቃነቀም፣ አንዲት ዘለላ አልተነቃነቀችም። ሲነጋ ሄጄ ማማው ሥር ጭቃውን አየሁት፣ የጉማሬ ኮቴ የለም፣ ሐቁን ልንገርህ፣ የሰውም ኮቴ የለም። ታዲያ ምን ላይ ነው የተኮሰው? ጉማሬ መስሎት ነው? ወይስ ጥያቄዬ እንዳይደገም ነው?

ነርሷ ተቆጣችኝ፣ ከንፈሯን አይቼ ነው ያወቅሁ፣ ኋላ ወረቀት ላይ “የተጎዳ ጆሮ የራሱን ድምፅ ይፈጥራል” ብላ ጻፈችልኝ። ይሁን፣ ጭውታውን ጆሮዬ ይፍጠረው፣ ሳሉንስ ከየት አመጣው? ሽምግልናው ቀርቷል፣ ማንም አይጠራኝም፣ ዝምታ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ቀስ በቀስ እለምደው ነበር። ያኔ ሲጨንቀኝ ጣቴን አወጣ ነበር፣ አሁን ምን ላውጣ? ስበላም ስጸልይም ይራመዳል፣ በፊት ከማሳው ማዶ ነበር፣ አሁን ከደጄ ያለ ይመስለኛል።

ደሴ በየሰንበቱ ሊጠይቀኝ ይመጣል፣ ስኳር ይዞ፣ ጥሩዬ በደግነቱ ትመርቀዋለች። እሷ ወጣ ስትል ፊቴ ይቀመጥና ከንፈሩን ቀስ አድርጎ ያንቀሳቅሳል። አንድ ቀን እንኳ ጆሮህ እንዴት ነው ብሎኝ አያውቅም። “ተናገረ?” ነው የሚለኝ።

“የለም፣ ይራመዳል እንጂ አልተናገረም” እለዋለሁ፣ ዓይኔን አተኩሮ ያየኛል፣ ከዚያ ትንፋሹን ይለቅና ይሄዳል። እስካሁን እውነቴን ነው። የተናገረ ዕለት ለደሴ ምን እንደምለው ግን አላውቅም፣ ሲመጣ ክላሹን ይዞ ነው፣ ከጭኑም አያወርደው።