አንድ ቀን ያልቀረች ልጅ

ሬሳው አንሶላ ለብሶ ከዱቄት መጋዘኑ የድንጋይ ደረጃ ሥር ተጋድሟል። መቶ አለቃ አንዳርጋቸው ቁጢጥ ብሎ አንሶላውን ገለጥ አደረገና ሰዓቱን አየ። አራት ሰዓት ከሩብ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የደኅንነት መኪና ዳኛው የሚባለውን ተጠርጣሪ ገበሬ ጭኖ ወደ ጎንደር ይሄዳል። በ1977 ዓ.ም. በዚያ መኪና የሄደ ሰው መቼ ይመለሳል ብሎ የሚጠይቅ የዋህ ብቻ ነበር። አንዳርጋቸው ደግሞ ሰውየው ገዳይ ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለም፤ እርግጠኛ ካልሆነ እግሩ አንድ ቦታ አይቆምለትም።

ሟቹ የጓሳ ሜዳ ትምህርት ቤት ዩኒት መሪ፣ መምህር ሀብተሥላሴ ነው። ድርቁ ከገባ ወዲህ ትምህርት ቤቱ ለተማሪ ቤተሰብ በየወሩ የእርዳታ ዱቄት ያድላል። ደንቡ አጭር ነው፤ ልጁ በተከታታይ ሦስት ቀን ከቀረ የቤቱ ዱቄት ይቀራል። ሀብተሥላሴ ይህን ደንብ እንደ ዳዊት ሲደግመው ይውል ነበር። ክፉ ሰው ነበር የሚል አልተገኘም፤ ደንብ አክባሪ ነበር ነው የሚሉት፤ በዚያ ዓመት ሁለቱን መለየት ቸግሮ ነበር።

የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል። ደሙ ጠቁሯል፣ አካሉም ደርቋል፤ የሞተው ትናንት ማምሻውን ነው። ቀኝ እጁ ግን እንደጨበጠ ነበር። አንዳርጋቸው ጣቶቹን አንድ በአንድ ሲያላቅቅ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የሰማያዊ ካርቶን ቅዳጅ ወጣች። ኪሱ ከተታት።

«አያ ቢያዝን፣ መቼ አገኙት?» አለ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ።

«ዛሬ ጠዋት ነው ጌታዬ። ዱቄት የሚታደልበት ቀን ነውና ደረጃውን ልጥረግ ብዬ ብመጣ…»

«ከባንዲራ በፊት ነው በኋላ?»

«ኧረ በኋላ! ባንዲራውን የሰቀልሁት እኔው ነኝ። ልጆቹ ተሰልፈዋል፣ መምህርት እቴነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩ ላይ ቆማለች፤ ከሩቅ እጅ ብነሣት አልመለሰችልኝም። ልጆቹ ሲገቡ መጥረጊያዬን ይዤ መጣሁ፤ አየሁ፤ ጮህሁ።»

«ከእርስዎ በፊት ያየው ሰው ይኖር ይሆን?»

«ምነው ጌታዬ! ይኼ የጓሮ ደረጃ ነው፤ ማን ይረግጠዋል? ያየስ ቢኖር ዝም ይላል?»

ግቢው በለቅሶ ታምሷል። ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ርእሰ መምህሩ ሐብተ ማርያም ጠዋት ከደባርቅ ስብሰባ የተመለሰ ሰው ነው፤ አንዳርጋቸውን ሲያይ በፍጥነት ቀረበ።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ምን ያደክምዎታል? ዳኛው ከትናንት ወዲያ በሕዝብ ፊት ዝቶበታል።»

«ምን ብሎ?»

«ሀብተሥላሴ ‹ከእንግዲህ ዱቄት የሚወስድ ሁሉ ልጁን አጠገቡ ያቁም› ብሎ አስታወቀ። ዳኛው ብድግ ብሎ ‹የእኔን ልጅ ብትጠራ ደምህን እጠጣለሁ!› አለ። ይኸው ጠጣ።»

«ልጁ እዚሁ ነው የሚማረው?»

«ሦስተኛ ክፍል። እናኑ ትባላለች።»

መጋዘን ጠባቂው አስማረ ቀጠለ። ላብ አጥምቆታል።

«ትናንት በአሥራ አንድ ሰዓት ቆልፌ ወጣሁ። ሀብተሥላሴን አልወደውም ነበር፤ ‹ጠጪ ነህ፣ ከሥራ አስነሣሃለሁ› ይለኝ ነበር። ይኸው ራሴ ነገርሁዎ!»

«ጠጪ ነህ እንዴ?»

«ዛሬ አልቀመስሁም፤ ለዚህ ነው የምንቀጠቀጠው።»

አንዳርጋቸው ሳቁን ዋጠ።

እቴነሽ የሦስተኛ ክፍል መምህርት ናት። የቀሩ ልጆችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች የምትጠይቀውም እሷ ናት፤ ለታመመው መድኃኒት፣ ለተራቆተው ጨርቅ ለምና ታደርሳለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ስም መጥሪያው መዝገብ የት ነው?» አላት አንዳርጋቸው፣ ኪሱ ውስጥ ቅዳጇን እየዳሰሰ።

«ቁም ሣጥን ውስጥ። ትናንት ስም ጠርቼ ቆለፍሁበት፤ ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም።»

«ቁልፉስ?»

«መምህራን ክፍል ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። የግቢው ሰው ሁሉ ያውቀዋል።»

መዝገቡ ሰማያዊ ልባስ አለው። የልባሱ አንድ ጠርዝ ተቀዷል። አንዳርጋቸው ቅዳጇን ከኪሱ አውጥቶ ገጠማት፤ ልክክ አለች። ቅጠሎቹን አገላበጠ። የቀረ ልጅ ስም ፊት በቀይ ብዕር «ቀ» ይጻፋል። በዚያ ዓመት ያልታመመና ያልተራበ አልነበረም፤ ከአርባ ሁለት ስም አርባ አንዱ ቀይ በቀይ ነው። ከመስከረም እስከ መጋቢት አንዲት «ቀ» የሌለባት አንዲት ልጅ ብቻ ናት። እናኑ ዳኛው።

ወደ ክፍሉ ገባ። ልጆቹ በአንድ አግዳሚ ሦስት ሦስት ሆነው ተጣበዋል፤ ከኋላ መሬት ላይ የተቀመጡም አሉ። በሁለተኛው አግዳሚ ግን ሁለት ልጃገረዶች ከዳርና ከዳር ተቀምጠው መካከሉን ባዶ ትተውታል።

«እዚህ ማን ነው የሚቀመጠው?»

ልጆቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ በላይ ሳይጠይቃቸው ወጣ።

ወደ እስር ቤቱ ሮጠ ማለት ይቻላል። ሰባት ሰዓት አልፏል። ዳኛው እጁ በገመድ ታስሮ ግድግዳ ተደግፏል።

«አያ ዳኛው፣ እናኑ የት ናት?»

ገበሬው ዓይኑን ጨፈነ። «እኔ ነኝ የገደልሁት፣ ጌታዬ። ጻፉት። ልጄን ግን አያንሡብኝ።»

«በምን ገደሉት?»

«በ… በዱላ።»

አንዳርጋቸው አላመነውም። በሀብተሥላሴ አካል ላይ የዱላ ምልክት የለም፤ ደምና ጸጉር የተገኘው ደረጃው ጠርዝ ላይ ነው።

በስምንት ሰዓት የጠየቃቸውን ሰዎች ሁሉ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ሰበሰባቸው። ልጆቹ ወጥተዋል። ዳኛው ከነገመዱ መጣ፤ ታየች የምትባለው ሚስቱም ሁለት ሕፃናት ቀሚሷን ይዘውባት በሩ አጠገብ ቆመች። ውጭ የመኪናው ሞተር እየተሞከረ ነው።

«ሀብተሥላሴ ሲወድቅ ይህን መዝገብ ከአንድ ሰው ጋር ይጓተት ነበር» አለ አንዳርጋቸው፣ ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ። «ቅዳጁ እጁ ውስጥ ቀርቷል። መዝገቡ ግን ቁም ሣጥኑ ውስጥ ተቆልፎ ተገኘ። አያ ዳኛው ቢሆኑ ያቃጥሉት ነበር እንጂ የመምህራንን ቁልፍ ፈልገው ቦታው አይመልሱትም። የመለሰው የግቢው ሰው ነው።»

ሐብተ ማርያም ተቁነጠነጠ።

«እርስዎን አይደለም። ትናንት ከቀትር ጀምሮ ደባርቅ አብረን ነበርን፤ ሌሊቱንም ከእኔ ቀጥሎ ካለው ክፍል ሲያንኮራፉ እንቅልፍ ነሥተውኛል።»

አስማረ ሊስቅ ብሎ ተወው።

«አሁን አያ ቢያዝን የነገሩኝ ነገር አለ። ባንዲራ ሲሰቀል መምህርት እቴነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር። ሬሳው የተገኘው ከባንዲራ በኋላ ነው። ግቢው ሁሉ ሲያዘቀዝቅ የእሳቸው ሳይለይ ቀረ። መምህርት፣ ለማን ነው ያዘቀዘቁት?»

እቴነሽ የነጠላዋን ጥለት ያዝ አደረገች። «ለ… ለተማሪዬ። ለእናኑ።»

ታየች አፏን በእጇ ያዘች።

«እናኑ ትናንትም ተገኝታለች ብለው መዝግበዋል።»

አንዳርጋቸው ወደ ዘበኛው ዞረ።

«አያ ቢያዝን፣ ትናንት ነጠላቸው እንዴት ነበር?»

«ትናንትማ ሸጋ አድርጋ ለብሳ ነበር» አለ ሽማግሌው፤ የተናገረው ምን እንደሆነ የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

«ስለዚህ ለእናኑ አይደለም። ማንም ያልሰማውን የሀብተሥላሴን ሞት የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር።»

እቴነሽ ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ ልጆቹ ባዶ በተዉት ቦታ ላይ።

«ልጅቷን በጥቅምት ተስቦ ገደላት። ልጠይቃት ሄጄ ነው ሞቷ ላይ የደረስሁት። ሁለቱ ወንድሞቿ ለትምህርት አልደረሱም፤ ስሟ ከተሰረዘ ዱቄቱ ይቆማል፣ እነሱም ይከተሏታል። ‹አታልቅሱ› አልኋቸው። ከቄሱ በቀር ሰው ሳይሰማ ቀበሯት። በየማለዳው ስሟን እየጠራሁ ቀይ ብዕሬን አልፋት ነበር። ትናንት ሀብተሥላሴ ደረሰበት፤ መዝገቡን ወስዶ ‹ይህ በአብዮቱ ላይ የተሠራ አሻጥር ነው፣ አንቺንም እነሱንም አስጠይቃለሁ› አለኝ። የመጋዘኑ ደረጃ ላይ ተጓተትን። ወደቀ።»

«ወዲያው ሞተ?»

«ትንፋሹ ነበር» አለች። «ጤና ጣቢያው ሩቅ አልነበረም። መዝገቡን አንሥቼ ሄድሁ። ጠዋት ነጠላዬን ስለብስ እጄ ራሱ ገለበጠው።»

«አያ ዳኛውስ ሲታሰሩ?»

«መኪናው ሳይነሣ እናገራለሁ እያልሁ…» ዳኛውን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም።

ዳኛው ገመዱ ሲፈታለት እንኳ አልተንቀሳቀሰም። «እኔ ልሂድልሽ ብዬ ነበር፣ ልጄ» አለ ቀስ ብሎ። «ልጆቼን የመገብሽልኝ አንቺ ነሽ።»

ሐብተ ማርያም ብዕሩን መዘዘ። «እንግዲያው የሙት ስም አሁኑኑ ይሰረዝ!»

አንዳርጋቸው መዳፉን መዝገቡ ላይ ጫነ። «ጓድ፣ ይህ ኤግዚቢት ነው። ፍርድ ቤት እስኪወስን አንዲት መስመር የነካ ማስረጃ በማጥፋት ይከሰሳል። የዱቄቱም ዝርዝር እንዳለ ይገለበጣል፣ እንዳለ ይታደላል።»

«ፍርዱ መቼ ነው የሚሰጠው?»

«የጎንደርን ፍርድ ቤት ያውቁታል። ይቆያል።»

መኪናው እቴነሽን ይዞ ሲነሣ ታየች ግቢው መካከል ቆመች። ለአምስት ወር ጎረቤት ሲያያት እንደ ደኅና ሰው የለበሰችውን ነጠላ ከትከሻዋ አወረደች፣ ገለበጠችው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ተከናነበች።

«እናኑዬ!» ብላ ጮኸች።

ለሀብተሥላሴ ሊያለቅሱ የመጡት ሴቶች መጀመሪያ ግራ ተጋቡ። ከዚያ አንዷ የልጅቷን ስም ተቀበለቻት፤ ሌሎቹም ተከተሉ።