የሰመጠው ኳርትዝ

ሱሀይራ የመስታወቱን ዕቃ ወደ ብርሃን አነሣችው። ዐብዲራዛቅ ከጀልዴሳ ያመጣው አሸዋ፣ ማዕድን በሚለይበት ከባድ ፈሳሽ ውስጥ ለሁለት ተከፍሏል፤ ቀላሉ ሲንሳፈፍ ግማሹ ከታች ዘቅጧል። የሚፈለገው ማዕድን የዘቀጠው ነው።

«አቦ! ይኼ ሁሉ?» አለ ዐብዲራዛቅ። ዓይኑ ግን ያረፈው አሸዋው ላይ ሳይሆን እሷ ላይ ነበር።

ከቤተ ሙከራው በር አጠገብ የተቀመጡት አባቱ ሐጂ ሊበን፣ ድሬ መጋላ ገበያ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ፣ ቃላቸውን አስቀድመው ሰጥተዋል። አሸዋው ማዕድን ካለው ልጃቸው እዚሁ ድሬ ሆኖ ይቆፍራል፤ የወደዳትን ሱሀይራንም ያገባል። ባዶ ከሆነ ግን ጅቡቲ አጎቱ ዘንድ ሄዶ፣ እዚያ የታጨችለትን ያገባል።

ሱሀይራ ውጤቱን ልትናገር ስትል ኪሷ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ትዝ አላት። ዐብዲራዛቅ ከመጀመሪያ ጉዞው ያመጣላት ስጦታ ነው። ኳርትዝ በዚህ ፈሳሽ ላይ መንሳፈፍ አለበት፤ ዘወትር ፈሳሹን የምትፈትነው በእርሱ ነበር። ዛሬ ጉጉት አስረሳት።

ጣል አደረገችው። ሰመጠ።

ዕቃውን አለቅልቃ ሳታደርቅ ፈሳሹን እንደቀዳችበት ያን ጊዜ ገባት። የቀረው ውኃ ፈሳሹን አቅልሎት፣ ተራው አሸዋ ከማዕድኑ ጋር ወርዷል። ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም።

«ተሳስቻለሁ፤ እንደገና ልለየው» አለች።

ዐብዲራዛቅ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ፦ «ተይው በአላህ! ጅቡቲ ነው እኮ!»

«አባትህን አታልዬ ቤታቸው ብገባ፣ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

በደረቅ ዕቃ፣ በአዲስ ፈሳሽ ደገመችው። ኳርትዙ ተንሳፈፈ። አሸዋውም አብሮት ተንሳፈፈ፤ ከታች የቀረው ቁንጥር የማይሞላ ጥቁር ብናኝ ብቻ ነው። 

«ባዶ ነው፣ ሐጂ።»

ሐጂ ሊበን ተነሥተው መስታወቱን አዩት።

«ድንጋዩን ጣዪ ያለሽ ሰው ነበር?»

«አልነበረም።»

«ልጄን እንደሚያሳጣሽስ ታውቂ ነበር?»

«ዐውቅ ነበር» አለች።

 «እኔ ያረጀሁት ሚዛን ሥር ነው» አሉ ሽማግሌው። «ለራሱ ሲመዝን ጣቱን ሚዛኑ ላይ የማያሳርፍ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየሁም ነበር።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ቁፋሮው ቀርቷል። ከነገ ጀምሮ ሱቅ ትገባለህ።»

«ጅቡቲ?» አለ ዐብዲራዛቅ፤ ድምፁ ተሰብሮ።

«እዚሁ መጋላ።» ከዚያም ወደ ሱሀይራ ተመለሱ፦ «የአባትሽ ቤት በየት በኩል ነው? የምልካቸው ሽማግሌዎች መንገድ እንዳይስቱ።»

ዐብዲራዛቅ ሱሀይራን ቀደማት።

«እኔ ዐውቀዋለሁ፣ አባ!»

«አንተን ማን ጠየቀህ?»