በሽንኩርት ልጣጭ የተቀቀለ እንቁላል

የሽንኩርቱ ልጣጭ ድስቱ ውስጥ ይንተከተካል። ሀጂራ ነጩን እንቁላል በማንኪያ እያገላበጠች ቀለሙ እስኪይዝ ትጠብቃለች።

እናቷ ከአሠሪዋ ቤት እስክትመለስ ጎረቤታቸውን ዘሃራን የማብላቱ ሥራ የእሷ ነው። ዘሃራ አራስ ናት። ባሏ ሀሩብ ወደሚባል ከተማ ለሥራ እንደሄደ መንገዱ ተዘግቶበት አልተመለሰም። እሷም ምግብ እምቢ ብላ ወተቷ ስለቀነሰ ሕፃኑ ሲያለቅስ ይውላል። የምትቀምሰው ቡናማ እንቁላል ብቻ ነበር። የየመን ድንበር ላይ ባለችው የሳዑዲ ከተማ በአል-ዓሪዳ ያለ ሐበሻ ሁሉ እንደሚለው ነጩ የፋብሪካ ነው፤ ቡናማው ነው በለዲ፣ የአገር ዶሮ የጣለችው። ግን ከድንበሩ ማዶ መድፍ ማጓራት ከጀመረ ወዲህ ከእነሀጂራ ሁለት ዶሮዎች ቀይዋ መጣል አቁማለች። ነጯ ብቻ ጆሮዋን የደፈነች ይመስል ትጥላለች። ትናንት ነጩን ስትወስድላት ዘሃራ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ «ኸላስ፣ ተይው» ብላት ነበር።

ዛሬ ቡናማውን ስታይ ግን ቀና አለች።

«ቀይዋ ጣለች እንዴ?»

ሀጂራ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ዘሃራ ትኩሱን እንቁላል ጉንጯ ላይ አስጠጋችው። «እናቴ የላከችልኝ ነው የሚመስለኝ» አለች ቀስ ብላ።

ሀጂራ በልጣጩ የቀሉ ጣቶቿን አየች። ዝም ብትል ዘሃራ ትበላለች። ብትናገር ከእንግዲህ ከእጇ ምንም ላትቀበል ትችላለች።

«እትዬ፣ ቀይዋ አልጣለችም» አለች። «በሽንኩርት ልጣጭ ቀቅዬው ነው እንጂ ነጭ ነው።»

ዘሃራ እንቁላሉን ሰሐኑ ላይ መለሰችው። ሕፃኑ ተነጫነጨ። ሀጂራ ሰሐኑን ልታነሳ እጇን ዘረጋችና ተወችው።

«የእናትሽ ዶሮዎች ምን ዓይነት ነበር የሚጥሉት?»

ዘሃራ «ቡናማ» ልትል ጀመረችና ተወችው። ወሎ፣ እናቷ ቤት፣ ከበሩ ጀርባ፣ ጭድ የተጎዘጎዘበት አሮጌ እንቅብ ታወሳት።

«ነጭ» አለች በመጨረሻ። «ትንንሽ፣ ነጫጭ።»

ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሀጂራ የምታለቅስ መስሏት ደነገጠች፤ እየሳቀች ነበር።

«ቡናማውን እኮ የለመድኩት እዚህ መጥቼ ነው። አንቺ ሸይጣን፣ እጅሽን እዪው እስቲ፤ እንሶስላ የሞቀች ሙሽራ መስለሻል።»

እንቁላሉን ልጣ ግማሹን በላች፤ ግማሹን ለሀጂራ ዘረጋችላት። ሀጂራ ተቀብላ መልሳ አጎረሰቻት።

ቤት እንደገባች ልጣጩን ከነውሃው ደፋችው። ለነገ የተቀመጠውን ነጭ እንቁላል አጥባ ሰሐን ላይ አኖረችው።